ወይዘሮ ሃይማኖት ያጠኑት ሕመም

ዓመቱ 2018 ዓ.ም. ነው፤ ኅዳር። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፣ ብርድም አለ።

ወይዘሮ ሃይማኖት ገብረየስ ከገበሬው አባታቸው ከአቶ ገብረየስ ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባዩሽ ኪራኮስ በ1979 ዓ.ም. ጎጃም፣ ደንበጫ ተወለዱ። አባታቸው ከአራተኛ ክፍል ባይዘልቁም ልጃቸውን ከትምህርት አላስቀሩም፤ ወይዘሮ ሃይማኖትም ባሕር ዳር ኬሚስትሪ ተምረው፣ በዲቪ አሜሪካ መጥተው፣ ቀን ፓርኪንግ እየሠሩ ማታ እየተማሩ ሮክቪል ከሚገኝ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። በዚያም መድኃኒት ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዳ ያጠኑ ነበር። ኩላሊት ውስጥ ሰውነትን ሊጠብቁ መድኃኒትን ከኦክስጅን ጋር የሚያዋህዱ ኢንዛይሞች እንዳሉ፣ አንዳንዱንም ወደ መርዝ ለውጠው ያሉበትን ሥጋ እንደሚያቃጥሉ በስልክ ሲያስረዱ፣ አባታቸው «ታዲያ ቤቱን የሚያቃጥለው ዘበኛው ነው?» ቢሏቸው፣ «አዎ አባዬ፣ እሱን ነው የማሳድደው» ብለው ሳቁ።

ከአቶ ቴዎድሮስ ሀዲስ ጋር እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋብተው ሜሮንን ወለዱ።

ባለፈው ሁዳዴ ወገባቸውን ቢያማቸው፣ የማስታገሻ ክኒን ያለ ውኃ እየዋጡ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆመው ይሠሩ ነበር። ሌላውን ሰው «ያለ ውኃ አትዋጡ» እያሉ የሚቆጡት እርሳቸው፣ ለራሳቸው ሲሆን «ጾሙ ይለፍ» አሉ። ፋሲካ ሳይደርስ ኩላሊታቸው ሥራውን አቆመ፤ ደማቸውም በማሽን ይጣራ ጀመር። ምን ያህሉ ከክኒኑ፣ ምን ያህሉ ከውኃ ጥሙ እንደሆነ የሚያውቅ ሐኪም አልተገኘም።

አባታቸው ከደንበጫ መጥተው አንድ ኩላሊታቸውን ሊሰጡ ቀርበው፣ ዕድሜዎ አይፈቅድም ተባሉ። ለምነው የማያውቁት ሰው «እስካሁን በበሬ አርሳለሁ እኮ፣ ምኔ አረጀ?» እያሉ ሐኪሙን ለመኑ። አልሆነም።

ወይዘሮ ሃይማኖት ሰውነታቸው እየደከመ ሲሄድ «አባዬ፣ ስሞት ኩላሊቴን ለቤተ ሙከራው ስጡልኝ፤ ከየት እንደጀመረ ይዩት» አሉ። አባታቸው «ልጄን ሙሉ ነው የምቀብር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ሁለቱም አላነሡም።

ማክሰኞ ንጋት ላይ በተወለዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ የስድስት ዓመቷን ሜሮንን፣ እናታቸውንና አባታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ድካማቸውን አይቶ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ሜሮንንም እርሱ ያሳድግልን።

በዚያው ጠዋት አባታቸው ከአስከሬኑ አጠገብ ቆሙ። ልጃቸው ሕመሙ ከየት እንደጀመረ መልስ ሳያገኙ መሞታቸውን አሰቡ። ከዚያም ሐኪሙን አስጠርተው ፈረሙ፤ ኩላሊቱም ሮክቪል ሄደ። ዛሬ የምንቀብረው የቀረውን ነው።