የአያ ማሩ የብረት ቧንቧ

አያ ማሩ የቤታቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ የወጣውን የብረት ቧንቧ በእርጥብ አሸዋ ይፈትጉ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ጉልበታቸውን ታክመው እሑድ ከሆስፒታል ይወጣሉ። የቤቱ ቧንቧ ከደከመ ወዲህ ከግቢ በባልዲ እየቀዱ ነበር የሚታጠቡት፤ አሁን ግን ባልዲ ማንሳት ተከልክለዋል። ቧንቧው ተቀብሮ ግድግዳው ከእሑድ በፊት መዘጋት አለበት።

በዚህ መሐል ሚስጥር መሰላል ልትዋስ ገባች። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የውሃ ምህንድስና ታስተምራለች።

«እንደምን ዋሉ አያ ማሩ? ምነው፣ ይህን አሮጌ ቧንቧ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ግድግዳው ውስጥ ልመልሰው ነዋ! እዪው፣ እንደ ሙሽራ ሸጋ ሆኗል።»

«አዲስ አይገዙም?»

«የቧንቧ ባለሙያውማ አረንጓዴ ፕላስቲክ ግዛ አለኝ። ድብ ባሕር የሚኖረው ወንድሜ ነጭ ፕላስቲክ ዘርግቶ፣ ሙቅ ውሃ ቢለቅበት እንደ ቄጠማ ተጣመመ። ብረት ብረት ነው ልጄ!»

«የወንድምዎ ነገር እውነት ነው» አለች ሚስጥር። «ነጩ የተሠራው ለቀዝቃዛ ነው። ጥፋቱ የምርጫ እንጂ የፕላስቲክ አይደለም። ከአረንጓዴው ለሙቅ ውሃ የተሠራ አለ፤ በላዩ ተጽፏል።»

«መጋጠሚያውስ? በማጣበቂያ ሊሆን ነው?»

«የለም፤ በሙቀት ቀልጦ እርስ በርሱ ይበየዳል። ሲቀዘቅዝ አንድ አካል ነው።»

«ፕላስቲክ ያስቀመጡት ውሃ ይሸታል!»

«ጠበሉን በምን አስቀመጡት?»

አያ ማሩ ከአልጋቸው ራስጌ ወዳለችው ቢጫ ጀሪካን ሰረቅ አድርገው አዩ። «አንቺ ነገረኛ! ጠበልን ከዚህ ምን አገባው!» ብለው ሳቁ እንጂ አልተረቱም። የለመዱት ነገር እንዲህ ነው፤ ውጩ ካማረ ውስጡን የሚጠይቀው የለም።

ሚስጥር የብረት መጋዙን አነሣች። «ሙሽራውን አንድ ጊዜ እንቁረጠው?»

«ቁረጪው! ብረት ምን እንደሆነ ታዪ የለ!»

ቧንቧው ለሁለት ሲከፈል አያ ማሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ዝገቱ ውስጡን ዙሪያውን ተጋግሮበት፣ ለውሃው የቀረለት መንገድ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም። ቡናማው ዱቄት ነጭ ጋቢያቸው ላይ ረገፈ። በጣታቸው አሹት፤ ቀለሙን አወቁት።

«የበዓል ነጠላዬ!» ብለው ጮኹ። «ቡናማ በሆነ ቁጥር ‹አጠባሽ ነው› እያልሁ እናኑን ስነዘንዝ ኖሬያለሁ እኮ! ለካ ቀለም የሚነክረው የእኔ ብረት ነው! በስልኬ ባለሙያው ጋ ደውይ! አሁኑኑ!»

«መሰላሉስ?»

«ቤቱንም ውሰጂው! ብቻ ደውይ!»

ሚስጥር እየሳቀች ደወለች፤ ስትጨርስም ወደ አያ ማሩ ዞረች። «አረንጓዴው አይዝግም፤ ውሃዎ አይቀላም፣ መንገዱም አይጠብም። ግን አደራ፣ ጣራ ላይ የሚወጣውን ከፀሐይ ይሸፍኑት። ግድግዳው ሳይዘጋም ውሃ ሞልተውበት ይደር፤ የሚያንጠባጥብ ካለ ያኔ ይታያል።»

ባለሙያው መጥቶ ቧንቧውን ሲበይድ አያ ማሩ ከአጠገቡ አልጠፉም። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይሉ ነበር አባቴ፤ ለካ ፕላስቲክም ሲግል ነው!» ይላሉ። ከግቢ በተቀዳ ውሃ የተሞላው ቧንቧ ጠብ ሳይል አደረ፤ ግድግዳው ተዘጋ።

ቅዳሜ የሰፈሩ ፈረቃ ደረሰና ውሃ መጣ። አያ ማሩ ቧንቧውን ከፈቱ፤ ጥርት ያለ ውሃ ጎርፎ እጃቸውን መታው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ለማጠብ ቁጢጥ አሉ። የእናኑን ነጠላ በሁለት ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ ወደ ብርሃን አንሥተው ፈተሹት፤ ነጭ ነው። አጣጥፈው ከአልጋው ራስጌ፣ ከቢጫዋ ጀሪካን አጠገብ አኖሩት።