የሶሌታው በግ

የሰው ዕድሜ የሚያልቀው ታክሲ ሲጠብቅ ነው እያልኩ፣ አቃቂ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጥግ ቆሜ እነጫነጭ ነበር። አቶ ወልደገብርኤል ጋቢያቸውን ደርበው፣ መሬቱን በከዘራቸው እየወጉ መጡ። የሐዲድ ጥገና ካቦ ሆነው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴና የሰፈራችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ለጤና ጣቢያችን የማዋለጃ ክፍል እንዲሠራ ስንት ዘመን ደጅ የጠኑትም እሳቸው ናቸው።

«በማለዳ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወረዳ ነው፣ ሲስተር አስካለች። ያቺን ተቆጣጣሪ አንሱልን ልል ነው።»

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። በእኛ አገር ሶሌታ የሚሞላ ዕለት፣ የጣሪያው አርማታ ሊፈስስ ሲል፣ በግ ይታረዳል። አቶ ወልደገብርኤልም ትናንት አሳርደው ሠራተኛውን አበሉ። የሥራ መሪው ፍቅሩ ከፊት ተቀምጦ በላ። ተቆጣጣሪዋ ኢንጂነር ሶሊያና ግን «ብዪ» ብትባል እምቢ ብላ ቀጥታ ወደ ላይ ወጣች። ስትወርድ «ዛሬ አይሞላም» አለች። ሥጋ የበላው ሠራተኛ ሁሉ ሳይሠራ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ማዕድ የናቀች ልጅ ምን ትበጀናለች?» አሉ አቶ ወልደገብርኤል። «ያኔ፣ ያስታውሱ የለ? የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ አቃቂ በአንድ ላይ ትነሳ ነበር። አዛዡም ታዛዡም ከአንድ ትሪ ይበላል። ተቆጣጣሪ የሚባል ጉድ የት ነበር? ሰው ቃሉ ነበር።»

አልዋሽም፣ ያ ጊዜ እኔንም ይናፍቀኛል። የድሬዳዋ ባቡር ሲገባ ጣቢያው በሙሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። ነገር ግን እኔ በነርስነቴ ያዋለድኩት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከምጥ አልጋው ሥር ባልዲ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። እሱን ሲናፍቅ የሰማሁት ሰው የለም።

ይህን ሳልነግራቸው ከገላን ኮንዶሚኒየም የመጣ ታክሲ ቆመና ራሷ ሶሊያና ወረደች። ዝቅ ብላ ሰላም ስትላቸው ፊታቸውን አዞሩ። አፌ አያርፍ፣ «ልጄ፣ ሊያስነሱሽ እየሄዱ ነው። እዚሁ ተነጋገሩ» አልኩ።

ልጅቷ ክው አለች። «የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፣ አባባ። ከዚህ ከተባረርኩ ማንም አያምነኝም» አለች። «ቢሆንም ትናንት ያልኩትን አልመልስም።»

«ማዕዴን ለምን ናቅሽ?»

«ንቄ አይደለም። በልቼ ጥፋት ባገኝ ያጎረሳትን እጅ ነከሰች እባላለሁ። ዝም ብል ደግሞ እዚያ የምትወልደውን እናት መክዳት ነው። ስለዚህ ሳልበላ ላየው ወጣሁ።»

«ምን አገኘሽ ታዲያ?»

«የአርማታው ብረት፣ ፌሮው፣ ሳንቃው ላይ ተኝቷል፣ ከሥሩ ማንሻ የለውም። አርማታው ከሥር ካልሸፈነው ብረቱ ይዝጋል፤ ውሎ አድሮም ጣሪያው ይራገፋል። አንዴ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አልኩ እኔ፣ ሳልጠየቅ።

«ፍቅሩ ዐይን የለውም? ሠሪው እሱ አይደለም ወይ?» አሉ።

«ፍቅሩ ጎበዝ ሰው ነው። ሥራውን በጊዜው ማድረስ፣ ዕቃ ማቅረብ፣ ሠራተኛው እንዳይጎዳ መጠበቅ የእሱ ኃላፊነት ነው። ትናንት ግን ሚክሰሩ ቆሟል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ በጉ ታርዷል። በዚህ ሁሉ መሀል ማን ቆም ብሎ ያያል? እኔ ሠራተኛ አላዝዝም። ሥራው ሳይሸፈን ከፕላኑ ጋር አስተያይቼ፣ ካልሆነ አቁሙ እላለሁ። እኔ ብገነባም ሌላ ሰው ሊያይልኝ ይገባል።»

«እኛ ያለ ተቆጣጣሪ ሠርተናል» አሉ፣ አሁንም እንደ ተቆጡ።

«እስቲ አባባ፣ ሐዲዱን ጠግናችሁ ስትጨርሱ ባቡሩን እለፍ የሚለው ማን ነበር? እርስዎ ነበሩ?»

አቶ ወልደገብርኤል ከዘራቸውን ተደግፈው ዞር አሉ። ዐይናቸው ሣር ወደበቀለበት ሐዲድ ሄደ።

«እኔማ አልነበርኩም» አሉ። «ጉዲሳ የሚባል የመስመር ጠባቂ ነበር። እኛ ቡሎኑን አጥብቀን ስንነሳ፣ እሱ በመዶሻ እየመታ፣ ድምፁን እያዳመጠ በእግሩ ይሄዳል። እሱ ካላለ ባቡር አያልፍም። አንድ ጊዜ ሠርግ ሊያመልጠን ሲል መልሶ አስፈታን። የስድብ ዓይነት አወረድኩበት። ስንፈታው ግን ሐዲዱ ተሰንጥቋል።»

«ተኳረፋችሁ?» አለች ሶሊያና።

«በኋላ ለበኩር ልጄ ክርስትና አባት አደረግኩት። እንደ ጉዲሳ የማምነው ሰው አልነበረኝም።» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «አፈሩን ገለባ ያድርግለት።»

ወረዳ አብሬያቸው ሄድኩ። ኃላፊው ምን ልርዳዎ ሲላቸው፣ «ልጅቷን እንዳትነኩብን» አሉት። ደግሞም በጉ ከእንግዲህ ሥራው ታይቶ አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ብቻ እንዲታረድ ኮሚቴውን አስማሙ።

ይህች ትንሽ ለውጥ ብዙ ጠቀመች። ፍቅሩ ትእዛዝ ሲሰጥ ማንም ጣልቃ አይገባበትም፣ ሶሊያናም የማንም ይሉኝታ አያስራትም። ሠራተኛውም ሊታይ መሆኑን ስለሚያውቅ አስተካክሎ ይሠራል። የሕዝብ ገንዘብ ለማፍረስና መልሶ ለመሥራት አይባክንም።

ፌሮው ተስተካክሎ ሶሌታው የተሞላ ዕለት ሁለተኛው በግ ታረደ። ፍቅሩ በሳቅ፣ «ኢንጂነር፣ ዛሬማ ምክንያት የለሽም፣ ነይ ብዪ» አላት። ልጅቷ ተጨንቃ ቆመች።

«ተዋት» አሉት አቶ ወልደገብርኤል። «ገና የምታየው በርና መስኮት አለ። ሥራ ላይ ናት።»