ጦም ያደረው ማን ነው?

ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት መምህርት ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ነበር። የገዛ ሕይወቷን የጻፈችበትን መጽሐፍ ሰመራ ላይ ልታስመርቅ ነው። ሚሌን እንዳለፍን እናትየው ጠየቁ።

«ጥጥ ለቃሚ መሆኔንም ጽፈሻል?»

«አዎ እማዬ፣ እኮራበታለሁ እኮ።»

«እሱስ ይሁን። ሌላስ?»

«ብዙ ቀን ጦማችንን እንዳደርን።»

«እነማን?»

«እኛ ነና፣ ሁላችንም።»

«በስመ አብ! ይኼን ሰው ፊት ልታነቢው ነው?»

«ዛሬ የማነበው እሱን ነው። ከምን ተነስቼ መምህር እንደሆንኩ ሰው ይወቅ።»

«የጥጥ እርሻው ሠፈር ሰዎችም ይመጣሉ?»

«ጠርቻቸዋለሁ።»

«ልጆቿን ጦም ታሳድር ነበር ሊሉኝ ነው።»

«ማንም እንደዛ አይልሽም። ድህነት ነው።»

«አንቺ አንድም ቀን ጦምሽን አድረሽ አታውቂም።»

«አስታውሳለሁ እኮ እማዬ! ድስቱ ባዶ ነበር።»

«ባዶ የሚሆነው እናንተ ከበላችሁ በኋላ ነው። ጦሜን የማድረው እኔ ነበርኩ።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

«ታዲያ አሁን ምን ብዬ ላንብበው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ታትሟል አላልሽኝም?»

ሰመራ ሳንደርስ ሎግያ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ ምን ብላ እንደምታነበው ልሰማ አብሬያቸው ሄድኩ።