ከምክር ቤት የተመለሰው ሹም

ክረምቱ ሊገባ ሰሞን ለትምህርት ቤታችን ጉዳይ ወደ ከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ባለጉዳዮች ተደግፈውት ሲውሉ በጀርባቸው ልክ ተፍቋል። አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተቀምጠው አገኘሁና አጠገባቸው አረፍ አልኩ። ፊታቸው ላይ ቅያሜ ይነበብ ነበር። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ምክንያቱን ነገሩኝ፤ ለካስ የአስተዳዳሪው ታላቅ ወንድም ናቸው።

"አባታችን ሲሞት ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር" አሉኝ። "አሳድጌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጸሐፊዋ 'አባባ፣ ተራዎን ይጠብቁ' አለችኝ። እሱ ነው አሉ ያዘዛት።"

"ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ከሆነ ምን ይከፋል፣ አባቴ?"

"ለሁሉም አንድ ከሆነማ ወንድምነቱ ለምን ይጠቅማል፣ ልጄ?"

አልፈረድኩባቸውም። ሹም ያለው ቤተሰብ በር አይዘጋበትም ሲባል እየሰማን ነው ሁላችንም ያደግነው።

ወንድማቸውን የማያውቅ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት በምክር ቤት ወክሎናል። ንግግሩ በሬዲዮ ሲተላለፍ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ ይሰማው ነበር፤ "አፈ ማር" የሚል ስም የወጣለትም በዚሁ ነው። ሚኒስትር ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከእንግዲህ አልወዳደርም፣ ከተማዬን ላስተዳድር ብሎ ለምኖ መጣ። ግማሹ ሰው ተቀጥቶ ነው አለ፤ ግማሹ አእምሮውን ታሞ ነው አለ። ታላቅየው ደግሞ ክቡር ይባል የነበረ ወንድማቸው ስለ ቦይና ስለ ቆሻሻ ሲከራከር መስማቱ አሳፍሯቸው፣ ለወራት ሰው በተሰበሰበበት አልታዩም።

በሩ ተከፈተና አስተዳዳሪው ብቅ አለ። ወንድሙን ሲያይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸው። የሁለታችንም ጉዳይ አንድ ስለሆነ አብረን እንድንገባ ጠየቀን። እውነቱን ነበር። እኔ የመጣሁት ከወንዙ ማዶ ያሉ ተማሪዎቻችን ክረምት በገባ ቁጥር ስለሚቀሩ ሊሠራ የታቀደው ድልድይ ይፍጠንልን ልል ነው። ሽማግሌው የመጡት ያው ድልድይ በግቢያቸው እንዳያልፍ ለማስከልከል ነው።

ክፍሉ ውስጥ ከጠረጴዛና ከወንበሮች በቀር ብዙ ዕቃ የለም። ጣራው የሚያፈስበት ቦታ ባልዲ ተቀምጧል። አስተዳዳሪው ወንበር ስቦ ወንድሙን ካስቀመጠ በኋላ እሱም ከጠረጴዛው ወዲህ ዞሮ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

ሽማግሌው ነገራቸውን በእርጋታ ጀመሩ። ከወንዙ ዳር ያሉት የብርቱካን ዛፎች አባታቸው የተከሏቸው መሆናቸውን፣ ድልድዩ ግን ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ቢል በጎረቤታቸው በልብስ ሰፊዋ ግቢ ማለፍ እንደሚችል አስረዱ። አስተዳዳሪው አቋርጦ አልተናገረም። ሲጨርሱ፣ ወንዙ የሚጠበውና ዳሩ አለት የሆነው በእነሱ ግቢ በኩል ብቻ መሆኑን፣ ከታች ግን አሸዋ ስለሆነ ውሃው ድልድዩን በአንድ ክረምት እንደሚወስደው ነገራቸው። ልብስ ሰፊዋም ከዚያች ግቢ ሌላ መጠጊያ እንደሌላት ጨመረ።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል" አሉ ሽማግሌው። "እሷን ስታስብ እኔን ረሳኸኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባልም ሰምተሃል። ብላ አላልኩህም፤ የአባትህን ዛፍ አትቁረጥ ነው ያልኩህ።"

አስተዳዳሪው ወንበሩን ወደ ወንድሙ አስጠጋ።

"ጋሼ፣ እኔንም የሚቆጨኝ ነገር አለ" አለ። "ግን ያልበላሁት አይደለም። እትዬ በታመሙ ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?"

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። እትዬ ያላቸው የሽማግሌውን ሚስት፣ እሱንም እንደ ልጃቸው ያሳደጉትን ሴት ነው። "እሷን ለምን ታነሣብኛለህ?" አሉት።

"እርስዎን ልወቅስ አይደለም። ያን ቀን ጠዋት ምክር ቤት ቆሜ ስለ ገጠር መንገድ እናገር ነበር። ጭብጨባው ለጉድ ነው። እናንተ በዚያው ሰዓት እትዬን ቃሬዛ ላይ አስተኝታችሁ ወንዙ እስኪጎድል ትጠብቃላችሁ። ሰዎቹ እጄን እየጨበጡ 'ድንቅ ንግግር ነው' እያሉኝ ሳለ ነው እትዬ ወንዙን ሳይሻገሩ ማረፋቸው በስልክ የተነገረኝ።"

 ሽማግሌው ግን ቀላል ያልሆነ ጥያቄ ጠየቁ። ሕግ የሚወጣው እዚያ ከሆነ፣ የሚናገርለት የሌለው ሕዝብስ ምን ይሆናል? ወንድማቸው በመናገሩ አይደለም ወይ መንገድ ይሠራ ተብሎ የተወሰነው?

"ልክ ነዎት፣ ሕጉ ጥሩ ነበር" አለ አስተዳዳሪው። "ግን እዚህ ሲደርስ ተቀብሎ ሥራ የሚያደርገው ሰው አልነበረም። አንዱ ሹም ለወንድሙ ሲል ይተዋል፤ ሌላው ለአማቹ ሲል ይተዋል፤ ወንዙ እንዳለ ይቀራል። ይህን ያየሁት በመጀመሪያው የምክር ቤት ዘመኔ ማብቂያ ነው። ያኔ ልመለስ ብዬዎት ነበር፤ ያስታውሳሉ።"

"አስታውሳለሁ" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ከፈረስ ወርደህ አህያ ላይ ልትቀመጥ ነው ወይ አልኩህ።"

"ፈረሱን እኔም ወድጄው ነበር፣ ጋሼ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።"

"እሷ ያኔ ደህና ነበረች" አሉ፤ ይህን ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው ነው ያሉት። ያኔ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ግን አልጨረሱትም። እኔም መስኮት መስኮቱን አየሁ፤ የሰው ልብ ሲሰበር ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው።

ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ ክረምት ሲገባ ልጆቹ እውነት ይቀራሉ?"

"ውሃው እስኪጎድል ይቀራሉ፣ አባቴ። ሴቶቹ ደግሞ አንዴ ከቀሩ ብዙዎቹ አይመለሱም።"

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። "ዛፎቹን ሠራተኛ እንዳይነካቸው" አሉ። "እኔው ራሴ እቆርጣቸዋለሁ።" እንዳሉትም አደረጉ።

ድልድዩ በቀጣዩ በጋ ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡሮችና በሽተኞች ወንዝ ዳር ቆመው ሰማይ ሰማይ አላዩም። የማዶ ልጆች ወንዙ ቢሞላም ከትምህርት አይቀሩም፤ የማዶው አትክልት ሳይበሰብስ ገበያ ይደርሳል። ሹም ዘመዱን ቢተው ከተማ ሙሉ ዘመድ እንደሚያፈራ በዓይናችን አየን።

አስተዳዳሪው ግን ብዙ አልቆየም። ልቡ ደክሞ ሐኪሞች ሥራውን አስተዉት። የጤና ጣቢያው ማስፋፊያና የገበያው የመጠጥ ውሃ በሐሳብ ቀሩ። ጉልበት የነበረው በምክር ቤት ዘመኑ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያሳለፈው በጭብጨባ መካከል ነው። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ ልጠይቀው ስሄድ ስለ ንግግሮቹ አንሥቶ አያውቅም።

በቅርቡ አንድ ጎረቤታችን ልጁ ለምክር ቤት ሊወዳደር መሆኑን እየኮራ ለሽማግሌው ሲነግራቸው እኔም አብሬ ነበርኩ። መርቀው ሲያበቁ እጁን ያዙት።

"ይሂድ፤ የሚናገርም ያስፈልጋል" አሉት። "ደርሶ ልመለስና ልሥራ ያለህ ቀን ግን እንዳትከለክለው።"