ጋሼ አይቻልም ከባሕር ወለል ጡረታ ሲወጡ

ጋሼ፣ ዛሬ መከራከር የለም። ወንበርዎ ላይ ደገፍ ብለው መስማት ብቻ ነው።

እኚህ ሰው ቧንቧ ወደምንዘረጋበት መርከብ መጀመሪያ የመጡ ቀን “የጥልቅ ባሕር መሐንዲስ መጣላችሁ” ተባልን። እኛ በያጆች ተሰልፈን ጠበቅናቸው። መሐንዲሱ መደገፊያውን ብረት ግጥም አድርገው ይዘው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ “ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ይወዛወዛል?” አሉን። መርከቡ ገና ከወደቡ አልተፈታም ነበር።

ወር ሳይሞላ “ጋሼ አይቻልም” አልናቸው። ቧንቧው በዚህ በኩል ይለፍ? አይቻልም። በዚያኛውስ? ጭቃውን ሳላየው አይቻልም። ጭቃ ስል ከሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት የሚወጣውን የባሕር ወለል ማለቴ ነው። ቆንጠር አድርገው በጥርሳቸው ይሞክሩታል፤ ከተንኮሻኮሸ አሸዋ አለበት፣ ከለሰለሰ ሸክላ ነው። የተረፈውን በማርማላታ ጠርሙስ አድርገው የቢሮው ፍሪጅ ውስጥ ይከቱታል። የሒሳብ ሠራተኛችን፣ እዚያ ጋ አንገቷን የደፋችው፣ አንድ ጠዋት ቸኮሌት መስሏት ዳቦዋ ላይ ቀባችው። ስትጮህ ሁላችንም ሮጥን። ጋሼም ደረሱ። ውሃ ያቀብሏታል ስንል፣ “ልጄ፣ ከመትፋትሽ በፊት፣ ይንኮሻኮሻል?” አሏት።

“ትንሽ” አለች ምስኪን። አመስግነዋት ወጡ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንድ ጊዜ አለቆቻችን ቧንቧውን በአቋራጭ፣ ባሕሩ ውስጥ ባለ ገደል አፋፍ ላይ እንድንዘረጋ ወሰኑ። ጋሼ አፈሩ ይናዳል ብለው አልፈርምም አሉ። አለቃው፣ “ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ደጋግመን አስልተነዋል” አሏቸው።

“ብረቱን አልጠረጠርኩም፤ የሚተኛበትን ነው” አሉ ጋሼ።

መርከቡ ቆመ። እኛም ሥራ ፈትተን ወደብ ላይ ተጎለትን። ያኔ በእሳቸው ላይ ያልወረደ እርግማን የለም፤ ምሳ ሰዓት አጠገባቸው የሚቀመጥ እንኳ ጠፋ። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም።

ክረምቱ ሳይወጣ አፋፉ ተናደ። ካሜራ ስናወርድ፣ ልንዘረጋበት የነበረው መንገድ የለም። ቧንቧ ሲዘረጋ አንዱ ጫፉ መርከቡ ላይ ነው፤ ያ ሁሉ አፈር ይዞት ሲወርድ እኛንም ይዞን ይሄድ ነበር። ጋሼ፣ ትንሿ ልጄ ያኔ ገና አልተወለደችም። ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

እትዬ፣ ለባሕር ያዋሱንን ባልዎን መልሰናል። ትንሽ አርጅተዋል፤ ይቅር ይበሉን።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ያኔ መርከቡ ላይ የነበራችሁ፣ እስቲ ደግሞ ከወንበራችሁ ተነሱ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ዞር ብለው ይዩን፤ አንድም ሰው አልጎደለም።