«የእጄ ጥፋት» የተባሉት ቀዳዳዎች

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ዓሣው የትም አይሄድባችሁም፤ መጀመሪያ ቶኪዛኔ ሳንን እንሸኝ።

ቶኪዛኔ ሳን የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት እዚህ ማትሱያማ ከተማ ሥራ ሲጀምሩ ነጭ በነጭ ለብሰው ነበር የመጡት አሉ። ካርቦን ወደሚፈጭበት ቤት! ማታ ቤታቸው ሲያንኳኩ እናታቸው በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ዛሬ ከሰል አንፈልግም» ብለው ዘጉባቸው። ያወሩልን ራሳቸው ናቸው፤ ይኸው፣ ውሸት ከሆነ ይካዱ።

ባለቤታቸው ስላሉ ሥራችንን ባጭሩ ልንገራቸው። ለአውሮፕላን ክንፍ የሚሆነው ከፀጉር የቀጠነ የካርቦን ክር ነው፣ በሙጫ ተይዞ። ከሱ ቁራጭ ወስደን፣ ሞርደንና ወልውለን በማይክሮስኮፕ ፎቶ እናነሳለን። ኮምፒውተሩ ፎቶው ላይ ክሩንና ቀዳዳውን ይቆጥራል። ቀዳዳ ከበዛ ክንፉ አይታመንም። ግን ስንወለውል እጃችን ክር ነቅሎ ከጣለም ቀዳዳ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ይህን አይለይም። ቶኪዛኔ ሳን ይለያሉ። በቀይ እርሳስ ይከቡና «የእጄ ጥፋት» ብለው ይጽፋሉ። ለደንበኛ የሚላክ ወረቀት ላይ!

«ሰው እንዴት ጥፋቱን ፈርሞ ይልካል?» ብላቸው፣ መንደሪናቸውን እየላጡ፣ «ሚቡ፣ ሙጫው ምን በደለኝና በሱ ላላክክ?» አሉኝ።

አምና ቀዮቹ ክቦች በዙ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ፤ ምሳ ሰዓት እየጠበቅኩ የሳቸውን ቁራጭ በድብቅ ደግሜ እወለውል ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝ። ክቦቹን በየወሩ ቆጥረው ወረቀት ላይ አስፍረዋል። ሐኪም ሳያያቸው ሕመማቸውን በገዛ ፎቷቸው ለክተውታል።

«እስከ ሰኔ ይጨምራል፤ ከዚያ ይቀንሳል» አሉኝ። «እጄ ድኖ እንዳይመስልሽ። ያንቺ እጅ ነው፤ ስትወለውይ የምትተዪው ጭረት ወደ ግራ ያጋድላል።»

«ይቅርታ» አልኩ።

«ልብሽን አውቃለሁ። ቁጥሩ ግን መዋሸት የለበትም።»

ወረቀቱን ራሳቸው ለአለቃ ወሰዱት። ጡረታቸው ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ግን ለዚህ ነው።

ቶኪዛኔ ሳን፣ ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬም ሆድ ብሶኛል፣ አልደብቅዎትም። ማየት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዝም ማለቴ እርስዎን የረዳሁ መስሎኝ ነበር፤ ሥራዎን ግን አጎደፍኩ። አመሰግናለሁ፣ ደግሞም ይቅር ይበሉኝ።

በሉ ሳኬውን ቅዱ! ቅድም ሲቀዳልዎ «በቃኝ» እያሉ እጅዎን ጠረጴዛ ሥር ሲደብቁ አይቻለሁ። ያውጡት። እስከ አፉ ሙሉላቸው! ዕድሜ ይስጥዎ፣ የጓሮ መንደሪንዎ ያፍራ፣ ከባለቤትዎ አይለይዎ። ጽዋዎን ያንሱ። ቢፈስም ይፍሰስ፤ ቀዩ እርሳስ እኔ ጋ ነው፣ ከብቤ «የሚቡ ጥፋት» ብዬ እጽፍበታለሁ።