ልብስ ሰፊው ድስት የጣደ ዕለት

አንባቢ ሆይ፣ ምክር መራራ ነው ይላሉ። እኔ ግን ምክር እንደ ሾርባ ነው እላለሁ፤ ትኩስ ትኩሱን ካልጠጡት ይረጋል። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስድስተኛን ደጋግሜ ስለተማርኳት ግን ከዚያ በላይ ይታሰብልኛል። ሥራዬ ጫማ መጠገን ነው። ሱቄ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስለሆነች የሰፈሩ ጠብም ፍቅርም የሚወድቀው እግሬ ሥር ነው። ይሄም ታሪክ እዚያው ወደቀ፤ ያውም ከነዘይቱ።

ከሱቄ ጎን አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ጠና ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ገላውን ሲታጠብም አያወልቀውም ብዬ አስወርቼበታለሁ። ሚስቱ ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆስፒታል ከወጣች ሰነባብታለች፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እሷ ስትተኛ ምድጃውም አብሯት ተኛ። ሰውየው ቁርሱም ምሳውም እራቱም ከማዶ ካለው ምግብ ቤት ሆነ። የእሷንም ከዚያው እያስጠቀለለ ይወስድላታል።

አንድ ቀን ለምሳ የተጠቀለለውን ይዞ ሲጣደፍ፣ ከወዲያ በኩል የእህቱ ልጅ ካሮትና ድንች በፌስታል አንጠልጥሎ ሲጣደፍ፣ መታጠፊያው ላይ ግንባር ለግንባር ተላተሙ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል፤ አጎቱ “ምሁሩ” እያለ ይቀልድበታል። ካሮቱ ተንከባለለ፤ ምግቡ ግን ተዘረገፈ። ዘይቱ ለጥገና የመጣ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ያ ጫማ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ ያበራል። ዝናብ እንኳ ሲያየው መንገድ ይቀይራል።

“ኧረ ይቅርታ ጋሼ! ጎዳሁዎት?”

“እኔን ተወኝ” አለ ልብስ ሰፊው መሬት መሬቱን እያየ። “የእሷን ምሳ ነው የደፋኸው። ለነገሩ ብትበላው አይደል! ትናንትም አንዴ ቀመሰችና መለሰችው።”

“ለምን?”

“ያቃጥለኛል ትላለች። ሐኪሙ ቀለል ያለ ነገር ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ ብሏል፤ ቅባት አይብዛባት፣ በርበሬ አይንካት፣ ጨውም ቀነስ ይበል። ለአስተናጋጁ ነገርኩት፤ ‘እሺ ጌታዬ’ ይላል። ምግቡ ግን እሺ አይልም!” ከአንገቱ ሜትሩን ይዞ ጠመዘዘው። “ቀሚሷን ትናንት እንደገና አጠበብኩት፣ ልጄ። አሁንስ እጄ እንቢ አለኝ።”

እኔ የተንከባለለውን ካሮት እየለቀምኩ ፌስታሉ ውስጥ መለስኩ።

“ታዲያ እቤት ለምን አይሠራላቸውም?” አለ ልጁ።

“ማን ይሥራላት?”

“እርስዎ ይሥሩላቸው።”

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞረ። “ሰማኸው ጫማ ሠሪ? ምሁሩ ማጀት ግባ አለኝ! አባቴ ድስት የት እንደሚቀመጥ ሳያውቅ ነው ያለፈው።”

“ነፍሳቸውን ይማር፤ ጾማቸውን ባለማደራቸው ዕድለኛ ነበሩ” አለ ልጁ በትሕትና። “እርስዎ ግን እያደሩ ያሉት በሰው ጨው ነው።”

“አፍህ ተሞርዷል! ይሄ እጅ መርፌ የለመደ ነው እንጂ ማማሰያ አይደለም።”

“መርፌ ሲጀምሩስ ‘የሴት ሥራ ያዘ’ ብለው ጓደኞችዎ አልሳቁብዎትም? ራስዎ ነዎት ያጫወቱኝ።”

“ያ ሌላ ነው። ያ ሙያ ነው።”

“ይሄስ ምንድን ነው?”

ልብስ ሰፊው ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ፤ የደስ ደስ ያለው ክርክር አግኝቷል። “ጥሩ፤ ሙያ ነው እንበል። እንግዲያው ለባለሙያው እንተወው! ጫማህ ሲቀደድ እዚህ ሰውዬ ዘንድ ትመጣለህ፤ ሱሪህ ሲቀደድ እኔ ጋ ትመጣለህ፤ ሲርብህ ምግብ ቤት ትሄዳለህ። ሁሉም የሚያውቀውን ቢሠራ ምን ጎደለ?”

እውነቱን ለመናገር ይቺ ነገር አንጀቴን አራሰችው። ሰው ሁሉ ጫማውን ራሱ መጠገን ቢጀምር እኔስ ምን እበላለሁ? ልጁ ግን አልደነገጠም።

“ምግብ ቤት ክፉ ነው አላልኩም ጋሼ። ጓደኛ ስናገኝ፣ ደስ ሲለን እኔም እሄዳለሁ። ግን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ኮት የለበሰ ሰው ሱቅዎ ሲመጣ ምን ይሉታል?”

ይቺን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። ልብስ ሰፊው ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ “ለሁሉም የተሰፋ ለማንም ልክ አይሆንም እለዋለኋ! እጅጌው ይረዝማል፣ ትከሻው ይወድቃል። ያልለካውን፣ ዓይኑን እንኳ አይቶ የማያውቀውን ሰው እንዴት አድርጎ...” ብሎ መሃል ላይ ተገታ።

“ይጨርሱት እንጂ።”

“...እንዴት አድርጎ ያለብሰዋል” አለ ድምፁ ወርዶ።

“የምግብ ቤቱ አብሳይም እትዬን አይቷቸው አያውቅም። ጨው የሚጨምረው ለጤነኛውም፣ ለበሽተኛውም፣ ለሰካራሙም አንድ ላይ ነው። እሱ ጥፋት የለበትም። የእትዬን ልክ የሚያውቀው ግን ማን ነው?”

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ዳሰሰ። እኔም ነገሩ ሳይበርድ ጣልቃ ገባሁ። “ከውጭ መብላት የለመደ አንድ ሰው አውቅ ነበር” አልኩ። “ሚስቱ ውሃ ብትሰጠው ‘ሂሳብ አምጪ’ አላት። ውሻው ሳይቀር ምናሌ ካላሳዩት አይበላም ነበር።”

“አንተ ደግሞ!” አለ ልብስ ሰፊው፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ወደ ልጁ ዞሮ፣ “አንተስ ከየት ተማርከው? እናትህ ድስት አስነክታህ አታውቅም።”

“እያቃጠልኩ ነዋ! መጀመሪያ የቀቀልኩትን ሩዝ እኚህን ይጠይቋቸው።”

ምስክር ነኝ። ያን ሩዝ አምጥቶልኝ አንድ ሶል ለጠፍኩበት። የጫማው ባለቤት አርጅቶ ጡረታ ወጣ፤ ሶሉ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ነው። አሁን ልጁ ሲያበስል ግን የሰፈሩ ድመት ሁሉ ደጁ ላይ ይሰለፋል።

“እሺ፤ ይለመዳል እንበል” አለ ልብስ ሰፊው። “ዛሬ ግን ተርባለች። ሮጥ ብዬ ሌላ ላስጠቅልል።”

“አትድከም፤ ዘግተዋል” አልኩት።

“አሁን ከዚያ መጣሁ እኮ!”

“አሁኑኑ ነው የዘጉት። ባለቤቱ ሆዱን አሞት እቤቱ ምሳ ሊበላ ሄደ።”

ውሸቴን ነው። ውሸትም እንደ ጨው ነች፤ ቁንጥር ብቻ ከሆነች ትጠቅማለች። ልብስ ሰፊው አንዴ ወደ ማዶ፣ አንዴ ወደ ካሮቱ አየና ልጁን አስከትሎ ወደ ቤቱ አመራ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው፤ እንዲህ ያለው ነገር በቲኬትም አይገኝ።

ማጀቱ ጠባብና ንጹሕ ነው፤ ምድጃው ላይ ግን ስስ አቧራ ተኝቷል። ልብስ ሰፊው ድስት ፍለጋ ሳጥን ሁሉ ሲያንኳኳ፣ ከመኝታ ቤት ደከም ያለ ድምፅ መጣ። “ማነው ማጀቴ የገባው?”

“ሌባ ነው!” አልኳት።

“ሌባማ የሚፈልገውን ያውቃል። ድስቱ ከበሩ ኋላ ነው፤ ትንሹን!”

ድንቹ ታጥቦ ተላጠ። ልብስ ሰፊው ቢላዋውን ይዞ ብዙ ቆየና ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። ልጁ “ኧረ ጋሼ!” ብሎ እጁን ባይዘው ኖሮ አስምሮ ሊቆርጠው ነበር። ካሮቱን ግን፣ ልጁ ይመስክር፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አንድ ልክ አድርጎ ነው የቆረጠው። ቀዳዳ ቢያበጅላቸው ኮት ይዘጉ ነበር። አትክልቱ ድስት ገባ፤ ውሃው ፈላ። ልጁ እጁን ሊታጠብ ዞር እንዳለ፣ ልብስ ሰፊው ጨው በማንኪያ ዘገነና ጨመረ። አሰበና ደገመ።

“ምን እያደረጉ ነው?”

“ትርፍ እያበጀሁለት ነው። እኛ ስንቆርጥ ሁልጊዜ ትርፍ እንተዋለን። ቢሰፋ በኋላ ይጠባል።”

ልጁ በማንኪያ ቀመሰና ዓይኑ ውሃ ሞላ። “ጋሼ፣ ልብስ ይጠባል፤ ጨው ግን አንዴ ከገባ አይጠብም። ስለዚህ ከጥቂት ነው የሚጀመረው። እየቀመሱ ይጨምራሉ፤ መቀነስ ግን የለም።”

ልብስ ሰፊው ማንኪያውን ይዞ ቆመ። “እንግዲያው ጨው ጨርቅ አይደለም፤ መቀስ ነው በለኛ!” አለ ዓይኑ በርቶ። “መቀስማ አውቃለሁ። አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ ነው!”

ያኔ ገባው። ያ ድስት ለእኔና ለልጁ ተፈረደብን፤ እኔ እስከ ማግስቱ ውሃ ስጠጣ የሰፈሩ ቧንቧ ደረቀ። ልብስ ሰፊው የእሷን እንደገና ጣደ። አሁን ጨውን በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ነስነስ አደረገ፤ ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። የምን ሐሳብ ነው ብትሉ፣ የእሷን አፍ ነው የሚያስበው። እኔ ከዚያ በፊት ሰው በሌላ ሰው ምላስ ሲቀምስ አይቼ አላውቅም።

ሳህኑን ይዞ ገባ። ሚስቱ በትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፤ አንዴ ጎነጨች። እኔና ልጁ ከበሩ ላይ አንገታችንን አሰገግን።

“ድንቹ ትንሽ ጠንከር ብሏል” አለች።

“ይስተካከላል” አለ፤ ለደንበኛ እንደሚለው።

ደግማ ጎነጨች፤ ሠለሰች። ማንኪያው የሳህኑን ግርጌ ሲፍቅ ሰማን። ከዚያ ሳህኑን ወደ እሱ ዘረጋችና፣ “ጨምርልኝ” አለች።

ልብስ ሰፊው ሳህኑን ተቀብሎ ወደ ማጀት ሲያልፍ ፊቱን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ። ላብ ነው አለ። እኔም ላብ ነው አልኩ፤ ውሸት ስችልበት!

ከዚያ ወዲያ ሰውየው የሚያቆመው ጠፋ። እሷ ከአልጋዋ እየመራች፣ እሱ እያቃጠለና እያስተካከለ፣ ሾርባውን፣ ምስሩን፣ የተቀቀለውን አትክልት ለመደ። ልኬት ሊወሰድለት የመጣውን ደንበኛ ሁሉ፣ “ወገብህ ሰፍቷል፤ እራትህን ማን ነው የሚሠራው?” እያለ ይጠይቃል። ለጎረምሶቹም እንዲህ ይላቸዋል፦ “ማብሰል የሚችል ሰው የሚበላውን ያውቃል፤ በዘይቱም በጨውም ላይ ሥልጣን አለው። ቤቱ ሰው ቢታመም እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ምግብ ቤትማ ለደስታ ቀን ነው፤ ይሂዱበት፣ ይጫወቱበት። ግን ጓዳህን ለሰው አደራ አትስጥ።” እኔም አንዱ ተማሪው ሆንኩ። የመጀመሪያ ሥራዬን አይጥ ቀምሶት ሰፈር ለቀቀ፤ ሁለተኛው ግን ተበልቷል።

አንድ ጠዋት የምግብ ቤቱ ባለቤት ሱቄ በር ላይ ቆመ። “አንተ ቀጣፊ፣ ‘ሆዱን አሞት ዘጋ’ ብለህ አስወራህብኝ አሉ?” አለኝ።

“ተሻለህ ወይ?” ብዬ ሳልጨርስ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ብቅ አለ። “ተወው ወንድሜ። እሷ በደንብ ስትድን ጠረጴዛ ያዝልን፤ በእግሯ ትመጣለች” አለው። ባለቤቱም ሳቀ፤ ጠረጴዛዋን አስቀምጣለሁ አለ።

እሱ ሲሄድ ልብስ ሰፊው ወደ ስፌት መኪናው ተመልሶ አጎነበሰ። ጠጋ ብዬ አየሁት። የሚስቱን ቀሚስ ገልብጦ የጎኑን ስፌት በምላጭ ይተረትራል።

“ደግሞ ልታጠብበው ነው?” አልኩ ደንግጬ።

“ልለቅላት ነው እንጂ! ጠበበኝ ብላ ትናንት ስትጮህብኝ አልሰማህም?”

ከስፌቱ ሥር፣ ያኔ ሲያጠብበው ወደ ውስጥ ያጠፈው ጨርቅ ሙሉውን ብቅ አለ። የጣት ስፋት እንኳ አልተቆረጠለትም።

“ይሄን ሁሉ ትርፍ ለምን አልቆረጥከውም ነበር?”

ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል፣ “ይሄማ ጨርቅ ነው፤ ጨው አይደለም” አለኝና መተርተሩን ቀጠለ።